ቀዥቃዣ ልጅ ሁሉ ታማሚ ነውን?
በምልክት ብቻ የሚሰጥ የትኩረት ማነስ ውሳኔ ምን ያህል ይታመናል?

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን «ቤተሰብ» በሚለው ክፍለ ጊዜ ከቀረበው ትምህርት ለንባብ የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንዲት እህታችን ወደ ፕሮግራማችን ደውለው ነበር። የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ አላቸው፤ አንደኛ ክፍል ነው። የክፍል መምህርቱ አስጠርተዋቸው «ልጅዎ አይቀመጥም፣ አያዳምጥም፣ ሌሎቹንም ይረብሻል፤ ሐኪም ያሳዩት» አሏቸው። መድረሳ የሚያስቀራው ኡስታዝ ደግሞ «ገና ልጅ ነው፣ አላህ ያሳድገው» ብሎ አለፈው። አያቱ «ዓይን በልቶት ነው፣ ቁርአን ይቀራበት» አሉ። አሜሪካ የምትኖር አክስቱ 18 ጥያቄዎች ያሉበት ቅጽ በስልክ ላከች። እናትየው ሲሞሉት 11ዱ ላይ «አዎ» አሉ። አክስትየውም ወዲያው «ይኸው፣ ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ነው፤ መድኃኒቱን በሰው እልክላችኋለሁ» አለች።

እኚህ እናት የጠየቁን እንዲህ ብለው ነው፦ «የደም ምርመራ የለ፣ ራጅ የለ። ወረቀት ላይ ምልክት በማድረግ ብቻ ልጄ ታማሚ ነው ይባላል ወይ? የማንንስ ቃል ልያዝ?»

ጥያቄው የአንድ ቤት ጥያቄ ብቻ አይደለም። በመሆኑም በዛሬው ትምህርታችን ይህንኑ በሰፊው እንመለከተዋለን፣ ኢንሻአላህ።

ስሙና አመጣጡ

በእኛ ቋንቋ «ቀዥቃዣ»፣ «ቅብጥብጥ»፣ «ቀልበ ቢስ»፣ «ፈዛዛ» የምንላቸው ልጆች ድሮም ነበሩ። ሐኪሞችም ስለ እነዚህ ልጆች መጻፍ የጀመሩት ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1902 ጆርጅ ስቲል የተባለ እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪም ራሳቸውን መግታት ስለሚያቅታቸው ልጆች ለንደን ላይ ተከታታይ ትምህርት ሰጥቶ ነበር። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የሚያሳትመው የአእምሮ ሕመሞች መለያ መጽሐፍ ደግሞ ለዚህ ነገር የሰጠውን ስም ብዙ ጊዜ ለውጧል። በ1968 እ.ኤ.አ. የልጆች ከልክ ያለፈ መቅበጥበጥ ነው ተባለ። በ1980 ትኩረት ማነስ ዋናው ነገር ሆነ። በ1987 ሁለቱ ተጣምረው ዛሬ የምናውቀው ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. የሚለው ስም መጣ። ትርጉሙም የትኩረት ማነስና ከልክ ያለፈ መቅበጥበጥ ችግር ማለት ነው።

የስሙን መለዋወጥ አይተው «እንግዲያው ነገሩ ፈጠራ ነው» የሚሉ አሉ። እኛ ግን እንዲህ አንልም። የሚጥል በሽታም በየዘመኑ ብዙ ስም ተሰጥቶታል፤ ሕመሙ ግን እውነት ነው። ሆኖም ስሙና መለኪያው የሰዎች ስምምነት መሆኑን፣ ሰዎች ሲማሩም የሚሻሻል መሆኑን ማወቅ ይጠቅመናል።

መለኪያው ምን ይላል?

እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው መለኪያ 18 ምልክቶችን ይዘረዝራል። ዘጠኙ የትኩረት ናቸው፦ ሥራ ጀምሮ አለመጨረስ፣ ሲያናግሩት የማይሰማ መምሰል፣ ዕቃ መጣል፣ መርሳትና የመሳሰሉት። ዘጠኙ ደግሞ የመቅበጥበጥና የመቸኮል ናቸው፦ ከመቀመጫ መነሳት፣ መሮጥ፣ ተራ አለመጠበቅ፣ ጥያቄው ሳያልቅ መመለስ። አንድ ልጅ ከአንደኛው ዘጠኝ ወይም ከሁለተኛው ዘጠኝ ቢያንስ ስድስቱ ሊታዩበት ይገባል።

አክስትየው የላከችው ቅጽ እዚህ ላይ ያበቃል። መለኪያው ግን እዚህ ላይ አያበቃም። ብዙ ሰው የማያውቃቸው አምስት ቅድመ ሁኔታዎች አሉት፦

አንደኛ፣ ምልክቶቹ ቢያንስ ለስድስት ወር የቆዩ መሆን አለባቸው።

ሁለተኛ፣ ለልጁ ዕድሜ ከሚጠበቀው በግልጽ ያለፉ መሆን አለባቸው።

ሦስተኛ፣ ከመካከላቸው የተወሰኑት ልጁ 12 ዓመት ሳይሞላው የታዩ መሆን አለባቸው።

አራተኛ፣ በሁለት ወይም ከዚያ በላይ በሆኑ ቦታዎች፣ ለምሳሌ በቤትም በትምህርት ቤትም፣ መታየት አለባቸው።

አምስተኛ፣ የልጁን ኑሮና ትምህርት የሚጎዱ፣ እንዲሁም ሌላ ሕመም የተሻለ የማያስረዳቸው መሆን አለባቸው።

በዲናችን በብድር ውል ላይ ሁለት ምስክር እንዲቆም የታዘዝነው የሰው ሐቅ በአንድ ሰው እይታ ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል ነው። የሐኪሞቹም አራተኛ ቅድመ ሁኔታ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። መምህርቷ ያዩትን ቤት ውስጥ ማንም ካላየው፣ ወይም ቤት ውስጥ የሚታየው መድረሳና ትምህርት ቤት ከሌለ፣ ቆም ብሎ «በዚያ ቦታ ምን አለ?» ማለት ይገባል።

ለምን የደም ምርመራ የለውም?

ወባ የጠረጠረው ሐኪም ደም አስመርምሮ ተሕዋሲውን በማይክሮስኮፕ ያየዋል። ለኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ግን እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ምርመራ አልተገኘም። ይህ ማለት ግን በሰውነት ውስጥ ምንም መሠረት የለውም ማለት አይደለም። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሲደመሩ በልጆች መካከል ካለው ልዩነት 74 ከመቶ ያህሉ በዘር የሚወረስ መሆኑን ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ከ3,200 በላይ ሰዎችን የአንጎል ምስል ያነጻጸረ ዓለም አቀፍ ጥናትም በአንዳንድ የአንጎል ክፍሎች መጠን ላይ ልዩነት አግኝቷል። ይሁንና ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ የሚታየውም የብዙ ሰው አማካይ ሲወሰድ ነው። የአንድን ልጅ አንጎል ፎቶ አንስቶ «አለበት» ወይም «የለበትም» ማለት አይቻልም። በ2013 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚለካ መሣሪያ ሲፈቀድም የሐኪሙን ምርመራ እንዲያግዝ እንጂ እንዲተካ አልነበረም።

በምልክት ብቻ መለየት በሕክምና አዲስ ነገር አይደለም። ማይግሬን የሚባለው ራስ ምታትም የሚታወቀው በታማሚው ቃል ነው። ስለዚህ ጥያቄያችን «ምልክት ለምን?» ሳይሆን «ምልክቱን ማን አየው? እንዴት መዘነው? ከምን ጋር አነጻጸረው?» መሆን አለበት።

የሚዛኑ ጉዳይ

ውድ አድማጮቻችን፣ ሚዛን በሁለት መንገድ ይፈተሻል። መጀመሪያ፣ አንዱን ዕቃ ደጋግመን ብንመዝነው ተመሳሳይ ቁጥር ይሰጠናል ወይ? ቀጥሎ፣ የሚሰጠን ቁጥር እውነተኛው ክብደት ነው ወይ? ሁልጊዜ ኪሎውን 900 ግራም የሚያደርግ የነጋዴ ሚዛን ቃሉን አይለውጥም፤ ግን ያጎድላል። አላህም (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሙጠፊፊን ያስጠነቀቀው ከዚህ ዓይነቱ ማጉደል ነው።

የመጀመሪያውን ፈተና እንይ። የ2013ቱ መጽሐፍ ሲዘጋጅ በአሜሪካና በካናዳ ሆስፒታሎች ሁለት ሐኪሞች አንዱን ታካሚ ለየብቻ እንዲመረምሩ ተደርጎ ስምምነታቸው ተለካ። 0 ማለት የተስማሙት በአጋጣሚ ያህል ብቻ ነው፤ 1 ማለት ሙሉ በሙሉ ተስማምተዋል ነው። በልጆች ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ላይ ያገኙት 0.61 ነው። በአዋቂዎች የድብርት ሕመም ላይ ግን 0.28 ብቻ ነበር። እንግዲህ የሠለጠነ ሐኪም ጊዜ ወስዶ ሲመረምር በአእምሮ ሕክምና ዓለም ይህ ጥሩ የሚባል ስምምነት ነው። ፍጹም ግን አይደለም።

በወላጅና በመምህር መካከልስ? እ.ኤ.አ. በ1987 ቶማስ አኬንባክና ባልደረቦቹ ስለ ልጆች ጠባይ የተሠሩ 119 ጥናቶችን ሰብስበው አጤኑ። ልጁን በተለያየ ቦታ የሚያዩት ሰዎች በሚሰጡት ቃል መካከል ያለው ዝምድና በአማካይ 0.28 ብቻ ሆኖ ተገኘ። ይህ ማለት አንዱ ወገን ዋሽቷል ማለት አይደለም። ልጅ በእናቱ ጓዳ፣ በክፍል ውስጥና በመድረሳ ምንጣፍ ላይ አንድ ዓይነት አይሆንም። የእህታችን መምህርትና ኡስታዝ አለመስማማታቸው እንግዲህ የተለመደ ነገር ነው። የአንዱን ሰው ቃል ብቻ ይዞ መፍረድ ግን ስሕተት እንደሆነ ከዚህ እንረዳለን።

የተወለደበት ወር የፈረደበት ልጅ

ሁለተኛውን ፈተና፣ ማለትም ሚዛኑ እውነተኛውን ክብደት ይናገራል ወይ የሚለውን ለማየት ወደ ካናዳ እንሂድ። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር ልጆች ትምህርት ቤት የሚገቡት በዓመቱ መጨረሻ፣ በዲሴምበር 31 በሚቆረጥ ዕድሜ ነው። ስለዚህ በዲሴምበር የተወለደ ልጅ በክፍሉ ውስጥ ትንሹ ነው። በጃንዋሪ የተወለደው ደግሞ ትልቁ ሲሆን በመካከላቸው አንድ ዓመት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት 937,943 ልጆችን መርምሮ የሚከተለውን አገኘ፦ በዲሴምበር የተወለዱ ወንዶች በጃንዋሪ ከተወለዱት ይልቅ ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. አለባቸው የመባላቸው ዕድል በ30 ከመቶ በለጠ። በሴቶቹ ላይ በ70 ከመቶ በለጠ። መድኃኒቱንም የወሰዱት በልጠው ተገኙ።

በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ይህንኑ አጠናከረ። የመግቢያ ዕድሜ በሴፕቴምበር 1 በሚቆረጥባቸው ግዛቶች፣ በኦገስት ከተወለዱት ከ10,000 ልጆች 85ቱ ሕመሙ አለባቸው ሲባሉ፣ በሴፕቴምበር ከተወለዱት ግን 64ቱ ብቻ ናቸው።

የተወለዱበት ወር የአንጎል ሕመም አያመጣም። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? መምህሩ የስድስት ዓመቱን ልጅ ሰባት ሊሞላው ከደረሰው ጎን አስቀምጦ ስላነጻጸረው ነው። ሕፃንነቱ እንደ ሕመም ተቆጠረበት። በአገራችን ደግሞ የአንደኛ ክፍል መግቢያ ሰባት ዓመት ነው ቢባልም ከዚያ ያነሰውም የበለጠውም በአንድ ክፍል ሲቀመጥ እናያለን። ከ50 በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል መምህሩ የእያንዳንዱን ልጅ ዕድሜ አስቦ ለመመዘን ይከብደዋል። በመሆኑም ወላጅ «ልጄ ከክፍሉ ልጆች በዕድሜ የት ላይ ነው?» ብሎ ራሱ መጠየቅ አለበት።

መሳዮቹ

አንድ ምልክት ብዙ ቤት ይገባል። የሚከተሉት ሁሉ ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ሊመስሉ ይችላሉ፦

ጆሮው በደንብ የማይሰማ ልጅ «አያዳምጥም» ይባላል። ዓይኑ ሰሌዳውን የማያይ ልጅ ከመቀመጫው ይነሳል፣ ይሰላቻል። ቶንሲሉ አብጦ ሌሊት የሚያንኮራፋና እንቅልፉ የሚቆራረጥ ልጅ ቀን ላይ እንደ አዋቂ አያንቀላፋም፤ ይልቁንም ይቀበጠበጣል። ለጥቂት ሰኮንዶች ፍዝዝ ብሎ የሚመለስ ልጅ ከሚጥል በሽታ ዓይነቶች አንዱ ሊኖርበት ይችላል። የደም ማነስም ትኩረትን ይጎዳል።

ከሁሉም በላይ ሐዘንና ፍርሃት አለ። እናቱ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሄደችበት፣ ወላጆቹ የተፋቱበት፣ ከቀየው የተፈናቀለ ወይም ቤት ውስጥ ዱላ የበዛበት ልጅ ልቡ ደብተሩ ላይ አይሆንም። እንዲህ ላለው ልጅ የሚያስፈልገው ሌላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። «ልጁ ለምን አይቀመጥም?» ስንል «ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ስላለበት» ይሉናል። «እንዳለበት በምን ታወቀ?» ስንል «ስለማይቀመጥ» ይሉናል። ይህ ክብ መዞር ነው። ስሙ የታየውን ነገር ይገልጻል እንጂ ብቻውን ምክንያቱን አይነግረንም። ምክንያቱን ፍለጋ ከላይ የዘረዘርናቸውን አንድ በአንድ ማጣራት የግድ ነው።

«መድኃኒቱን ወስዶ ተሻለው፤ ስለዚህ ሕመሙ ነበረበት» የሚለውም ማስረጃ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ጤነኛ ለሆኑ ወንዶች ልጆች የዚህን ዓይነት መድኃኒት አንድ ጊዜ ሰጥቶ እነርሱም እንደ ረጉና ትኩረታቸው እንደ ጨመረ አሳይቷል።

በሌላኛው ወገን ያለው አደጋ

እስካሁን የተናገርነውን ሰምቶ «እንግዲያው ሁሉም ውሸት ነው» የሚል ካለ ተሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመና ከመላው ዓለም 102 ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ ከመቶ ልጆች አምስት ያህሉ ይህ ችግር እንዳለባቸው ገምቷል። በአሜሪካ በ2022 እ.ኤ.አ. ወላጆች ተጠይቀው ከ3 እስከ 17 ዓመት ካሉት ልጆች 11.4 ከመቶ የሚሆኑት በአንድ ወቅት አለባቸው ተብለው እንደነበር ተናግረዋል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት በአንዳንድ ቦታ ስሙ በቀላሉ እንደሚሰጥ ያስጠረጥራል። ሐኪም በሌለበት ቦታ ደግሞ ችግሩ ያለበት ልጅ «ባለጌ»፣ «ደደብ» እየተባለ በዱላ ያድጋል።

አንዲት ሌላ እናት የነገሩንን እዚህ ላይ እናንሳ። ሴት ልጃቸው ጸጥተኛ ናት፤ ማንንም አትረብሽም። ነገር ግን የቀራችውን ሱራ በማግሥቱ ትረሳለች፣ ደብተሯን ትጥላለች፣ ምድጃ ላይ የጣደችውን ትታ ትሄዳለች። ለዓመታት «ፈዛዛ» ተብላ አደገች። 13 ዓመቷ ላይ በሐኪም ጊዜ ተወስዶ ስትመረመር ትኩረት ማነሱ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የነበረ መሆኑ ታወቀ። እናትየው «ስንት ጊዜ ገረፍኳት» ብለው አለቀሱ። የማይረብሽ ልጅ ማንንም ስለማያስቸግር ይረሳል፤ በተለይ ሴቶች ልጆች በዚህ ይጎዳሉ።

«ቴሌቪዥን ፊት ሁለት ሰዓት ይቀመጣል፤ ታዲያ ምን ትኩረት አነሰው?» የሚል ጥያቄም ይመጣልናል። ችግሩ ያለበት ልጅ በጣም በሚወደው ነገር ላይ ሊቆይ ይችላል። የሚከብደው በማይማርከው ሥራ ላይ ራሱን ማቆየት ነው። ስለዚህ ይህ ብቻውን ለመካድ አይበቃም።

ስለ ጂንና ስለ ዓይን

ጂን መኖሩን፣ ዓይንም ሐቅ መሆኑን እናምናለን። ቁርአን ሺፋ መሆኑንም እናምናለን። ሆኖም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አላህ መድኃኒት ያላበጀለት በሽታ እንደሌለ አስተምረው እንድንታከም አዘዋል። በልጁ ላይ አያተል ኩርሲና ሙዐዊዘተይን መቅራት ከሐኪም ቤት አያስቀርም፤ ሐኪም ቤት መሄድም ከቁርአን አያርቅም። የተከለከለው ያለ ዕውቀት «ጂን ነው» ብሎ መፍረድ፣ ልጁን ማሰርና መደብደብ፣ ወይም ለጠንቋይ መስጠት ነው። ያለ ዕውቀት «ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ነው» ማለትም ከዚህ የራቀ አይደለም። በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣልን አጣሩ ተብለናል። በገዛ ልጃችን ላይ የመጣን ወሬ ደግሞ ይበልጥ ማጣራት ይገባናል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት እንጻፍ። ልጁ ምን አደረገ? መቼ? የት? ከዚያ በፊት ምን ነበር? እንቅልፉስ እንዴት ነው? ይህ ማስታወሻ ለሐኪሙ ከማንኛውም ቅጽ በላይ ይጠቅመዋል።

ሁለተኛ፣ የመምህሩንም የኡስታዙንም ቃል በጽሑፍ እንጠይቅ። «ረባሽ ነው» ከማለት ይልቅ «በአንድ ክፍለ ጊዜ ስንት ጊዜ ይነሳል?» የሚል ጥያቄ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ጆሮ፣ ዓይን፣ ቶንሲልና ደም ይታይ።

አራተኛ፣ የአእምሮ ሐኪም ወይም የሕፃናት ሐኪም ዘንድ እንቅረብ። ሐኪሙ ስለ እርግዝናው፣ ስለ ልጁ አስተዳደግና ስለ ቤቱ ሁኔታ ከጠየቀ፣ የትምህርት ቤቱንም ቃል ከፈለገ፣ ውሳኔው ሊታመን ይችላል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ቅጽ አይቶ መድኃኒት ከጻፈ ግን ሌላ ሐኪም መጠየቅ ነውር አይደለም።

አምስተኛ፣ ሕመሙ ቢረጋገጥ መድኃኒት ብቻ አይደለም መፍትሔው። በአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች የ2019 መመሪያ መሠረት ከስድስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች መጀመሪያ የሚመከረው የወላጆች ሥልጠና ነው። አጭር ትእዛዝ መስጠት፣ ሥራን መከፋፈል፣ መልካሙን ወዲያው ማመስገን፣ የመኝታ ሰዓትን መጠበቅ። ኡስታዞችም ልጁን ከፊት አስቀምጠው ሙሉ ገጽ ከማስያዝ ሦስት ሦስት መስመር ቢያስይዙት ይጠቅማል።

ስድስተኛ፣ ሪታሊንና መሰሎቹ ብዙ ልጆችን ረድተዋል፤ ነገር ግን የምግብ ፍላጎት ይቀንሳሉ፣ እንቅልፍ ይነሳሉ፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራሉ። በብዙ አገሮችም በጥብቅ ቁጥጥር ስር ያሉ ናቸው። በሻንጣ ተልኮ የመጣ መድኃኒት ያለ ሐኪም ክትትል ለልጅ አይሰጥም።

ለእህታችን የሰጠነው መልስ

ለእኚያ እናት ይህንኑ ነገርናቸው። አክስትየው የሚልኩትን መድኃኒት እንዳያስጀምሩት፣ መጀመሪያም ጆሮውን እንዲያሳዩት መከርናቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደወሉ። በግራ ጆሮው ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ስለተገኘ ሕክምና ጀምሯል። አልሐምዱሊላህ፣ ሲጠሩት መዞር ጀምሯል። አሁንም ግን መቀመጥ ይከብደዋል። ሐኪሙም «ስም ለመስጠት አንቸኩል፤ ጆሮው ድኖ ስድስት ወር እንየው» ብሏቸዋል። እናትየውም በየማታው ማስታወሻቸውን ይጽፋሉ። እኛም ይህን መልስ ወደድነው።

ለማጠቃለል ያህል፣ በምልክት ላይ የተመሠረተ ምርመራ በሠለጠነ ሰው እጅ፣ በብዙ ምስክርና በቂ ጊዜ ተወስዶ ሲደረግ የሚታመን ነው። በአንድ ወረቀትና በአንድ ሰው ቃል ሲደረግ ግን አይታመንም። ልጅ የአላህ አማና ነው። የሌለበትን ሕመም ስም ብንለጥፍበትም፣ ያለበትን ሕመም ብንክድበትም እንጠየቅበታለን።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ የታመሙትን ያሽርልን፤ ለወላጆችም ትዕግሥትንና ማስተዋልን ይስጠን። ኣሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።